ለቢራቢሮ ጉርድ ፎቶ

እህቴ ሸምሲያ ሐቢብ አርባ ሦስት ዓመቷ ነው። ጎንደር አራዳ ውስጥ ከጨርቅ መደብሬ ጋር ግድግዳ ተጋርታ ፎቶ ቤት ትሠራለች። ባለፉት ሃያ ዓመታት ጎንደር ከተማ ውስጥ ከተዳሩት ሴቶች የግማሾቹን አንገት ይዛ አዙራለች ብል ብዙም አልዋሸሁ። «ትከሻሽን ወዲህ፣ አገጭሽን ወዲያ፣ ዓይንሽን ወደ እኔ» ትላለች፤ ሙሽራዋ ቀርቶ የሙሽራዋ እናት ትታዘዝላታለች። እኔ ታላቅ ወንድሟ ዐብዱልከሪም ነኝ። እኔንም ታዘኛለች። ስለ እሷ ሳወራ ሳልናደድ ጨርሼ አላውቅምና ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ፎቶ ቤቱን የከፈቱት አባታችን ናቸው፣ አላህ ይዘንላቸውና። ሕጋቸው ሁለት ነበር። አንደኛው «ጀርባው ይጥፋ» የሚለው ነው። ከሙሽራዋ ኋላ የተሰነጠቀው ግድግዳ፣ የመብራት ምሰሶው፣ ሳይጠራ የመጣው ዘመድ፣ ሁሉም ይሟሟ፤ እሷ ብቻ ትጥራ። ለዚህ የሌንሱን ቀዳዳ እስከ መጨረሻው በርግዶ ማንሳት ነው። ሁለተኛው ሕግ ሰው ፊት ለፊት አይነሳም የሚል ነበር። «ሰውን ፊት ለፊት የሚያነሳ ፖሊስ ነው» ይሉ ነበር። ሁልጊዜ ትከሻ ዞር፣ አንገት ዘንበል። ጉርድ ፎቶ ግን ለመታወቂያ ስለሆነ ሁለቱ ጆሮዎች እኩል መታየት አለባቸው፤ ቀጥ ብሎ መቀመጥ ነው። አባታችን ለጉርድ ፎቶ ከወንበራቸው እንኳ አይነሱም ነበር፤ ሸምሲያን ይልካሉ። በአሥራ አራት ዓመቷ ሥራውን የጀመረችው በዚያ ነው። ሥራውን ስትወርስ ንቀቱንም አብራ ወረሰች።

አሁን ማን ፎቶ ቤት ይገባል? ሁሉም ካሜራውን ኪሱ ውስጥ ይዞ ይዞራል። ለሠርግ የሚጠሩት ሰማይ ላይ የሚበር ካሜራ ያላቸውን ነው። ለእህቴ የቀረላት ያው የናቀችው ጉርድ ፎቶ ነው፤ እሱም በቀን ሦስት ሰው ቢመጣ ነው። በዚህ በኩል ደግሞ እኔ መተንፈሻ የለኝም። ጣቃው ጣቃ ላይ ተቆልሎ ደንበኛ በጎኑ ነው የሚገባው። መስከረም ላይ ሄጄ ቁርጡን ነገርኳት። እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ፎቶ ቤቱን በእግሩ የሚያቆም ሥራ ካላገኘች ግድግዳው ይፈርሳል፣ መደብሬ ይሰፋል፣ እሷም ከእኔ ጋር ጨርቅ ትሸጣለች። እናታችን ምስክር ሆነች።

«ጨርቅ ከምሸጥ ጨርቄን ጥዬ ባብድ ይሻለኛል» አለች ሸምሲያ። ግን ተስማማች። ሌላ ምን ምርጫ ነበራት?

ጥቅምት ላይ ናዝራዊት የምትባል የሥነ ሕይወት መምህርት ጉርድ ፎቶ ልትነሳ መጣች። ቀጭን፣ ቀስ ብላ የምትናገር፣ ያለችውን ግን የማትለውጥ ልጅ ናት። ለአካባቢው ትምህርት ቤቶች የደጋ ቢራቢሮዎችን መጽሐፍ እያዘጋጀች ነበር፤ ፎቶ ያነሳላት የነበረው ሰው ሥራውን ትቶ አዲስ አበባ ገብቶባታል። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ሙሽሮች ስታይ ቆየችና ሸምሲያን ጠየቀቻት። እስከ ኅዳር መጨረሻ ስድስት ዓይነት ቢራቢሮ አንስተሽ አሳዪኝ፤ ካለፉ መጽሐፉን በሙሉ፣ ከዚያ አበቦቹን፣ ከዚያ ወፎቹን ትሠሪያለሽ አለቻት። የሁለት ዓመት ሥራ ነው።

ሸምሲያ ግድግዳውን አልፋ መጥታ ስትነግረኝ ፊቷ በርቶ ነበር። «ላም አለኝ በሰማይ» አልኳት። እሷ ግን ሰምታኝ ስታውቅ አይደለም። በነጋታው ማኪና ያለኝ እኔ ነኝና ፀዳ ወንዝ ዳር አድርሰኝ አለች። ሱቄን ዘግቼ አደረስኳት። ለምን እንዳደረስኳት እኔም አላውቅም።

ፀዳ ላይ አንዲት ብርቱካንማ ቢራቢሮ አበባ ላይ ተቀምጣ አገኘችና ልክ እንደ ሙሽራ ዞረቻት። ጎንበስ አለች፣ ወደ ቀኝ ሄደች፣ በትከሻዋ በኩል ገባች፣ ቀዳዳውን በርግዳ አነሳቻት። በሦስተኛው ቀን ናዝራዊት መጣች። እኔም የሚሆነውን ለማየት መደብሬ ላይ ሰው አስቀምጬ ገባሁ። ፎቶው በእውነት ያምራል። የቢራቢሮዋ ዓይን ጥርት ብሏል፣ ግንባሯ ላይ ያለው ፀጉር ይቆጠራል። ከዓይኗ ኋላ ግን ክንፍ የለም፤ ብርቱካንማ ጉም ብቻ ነው።

«በጣም ያምራል» አለች ናዝራዊት። «ግን ማን እንደሆነች አላወቅኋትም።»

«ቢራቢሮ ናታ!» አለች ሸምሲያ።

«የትኛዋ? የሚለያቸው ክንፋቸው ላይ ያለው ነጥብና መስመር ነው። ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ መቁጠር አለብኝ። ልጆቹም መቁጠር አለባቸው።»

እህቴ በዚህ ሁሉ ዓመት ሥራዋ «ጀርባው ለምን ጠፋ?» ተብላ አታውቅም። ልጅቷ ስትወጣ በሩን ዘጋችና እኔ ላይ ጮኸችብኝ፤ እኔ ምን አደረግሁ?

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለጠላቴ አልመኝም። የጥራት ልክ የሚባለውን ነገር ለእኔ ካላስረዳች እንቅልፍ አይወስዳትም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሌንሱ ጥርት አድርጎ የሚያየው አንድ ስስ ቦታ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲህም ወዲያም ያለው ይደበዝዛል። ሙሽራ ሦስት ሜትር ላይ ስትቆም ያ ቦታ መላ ፊቷን ይይዛል። ቢራቢሮ ዘንድ አንድ ስንዝር ድረስ ሲጠጉ ግን የጥፍር ውፍረት አይሞላም። ቦታውን ለማወፈር ቀዳዳውን ማጥበብ ነው። ቀዳዳው ሲጠብ ደግሞ ቁጥሩ ያድጋል! ሁለት ነጥብ ስምንት ሲባል ሰፊ ነው፣ አሥራ ስድስት ሲባል ጠባብ ነው። ይህን ቁጥር ያወጣው ሰው ሜትር ይዞ ጨርቅ ቢለካልኝ በሳምንት ውስጥ ከስሬ ነበር።

እሺ፣ አጠበበችው። ጨለመ። ብርሃኑ እንዲበቃ ካሜራው ቆይቶ ይክፈት አለች፤ ነፋስ አበባውን ነቀነቀውና ሁሉም ተደባለቀ። ካሜራው ብርሃን የሚስብበትን ቁጥር ከፍ አደረገች፤ ፎቶው ጤፍ የተበተነበት መሰለ። ፍላሽ አበራች፤ ቢራቢሮዋ ጥርት አለች፣ ኋላዋ ግን ጥቁር ሆነና ወኅኒ የገባች መሰለች። ወደ ኋላ ራቀች፤ የሚጠራው ቦታ ወፈረ፣ ቢራቢሮዋ ግን ነጥቧ የማይቆጠር ሚጢጢ ሆነች። ሁለተኛ ዙር ለናዝራዊት ወስዳ አሳየች። ከስድስቱ አንዷም አላለፈችም።

መለማመድ አለብኝ ብላ የደረሰኝ ወረቀቴን ቀድዳ ቢራቢሮ ሠራችና የፖፕሊን ጣቃ ላይ በመርፌ ሰካቻት፤ መደብሬ ውስጥ፣ ደንበኛ ፊት! ሁለት ቀን ሙሉ በጉልበቷ ተንበርክካ አነሳቻት። አንዲት ሴትዮ ገብታ «ይኼ ቢራቢሮ ያለበት ጨርቅ ሜትሩ ስንት ነው?» አለችኝ። ማታ ቤት ስገባ ለባለቤቴ ስለ ቀዳዳ ቁጥር ሳወራ ራሴን አገኘሁትና የባሰ ተናደድኩ።

ወሩ እያለቀ ሄደ። እኔ ግድግዳውን የሚያፈርስ ግንበኛ አነጋግሬያለሁ። መደርደሪያው በየት በኩል እንደሚቆም በጠመኔ ምልክት አድርጌያለሁ። ሸምሲያ ጠመኔውን አየችው፤ ካሜራዋን አንግታ ወጣች። ያለ ወትሮዋ ሳትጮህብኝ ስትሄድ ደስ አላለኝም።

የኅዳር የመጨረሻው ቅዳሜ ተዘግቶ የከረመው የአይከል መንገድ ክፍት ነው ተባለ። እዚያ ቺልጋ፣ አይከል አካባቢ ቢያዝን የሚባል ገበሬ ደንበኛ አለኝ፤ መሬቱ ላይ ምንጭ አለ፣ ዙሪያው ኮሸሽላ ነው፣ ኮሸሽላውም አበባ እንደያዘ ነግሮኝ ነበር። ይህን ለሸምሲያ የነገርኳት እኔ ነኝ። አፌን ምን እንደከፈተው አልገባኝም። ከሱብሒ ሶላት በኋላ ተነሳን። በብርድ መሄዳችን የእሷ ሐሳብ ነበር፤ ቢራቢሮ ጠዋት ፀሐይ እስክታሞቃት መብረር ስለማትችል ክንፏን ዘርግታ ትጠብቃለች አለች። ይኼን እንኳ አውቃለች።

ስንደርስ ቢያዝን ጋቢውን ተከናንቦ መጣ። የካሜራውን ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

«አያ ዐብዱ፣ ምነው? መሬት ሊለካ ነው እንዴ? ሳትነግረኝ?»

«ቢራቢሮ ልናነሳ ነው» አልኩት።

ቢያዝን እኔን አየ፣ እሷን አየ፣ ማቆሚያውን አየ። «ለቢራቢሮ ከጎንደር?»

«ለቢራቢሮ ከጎንደር» አልኩት። ሐፍረቴን የት ልደብቀው? ሸጋ ነው ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እስከ መጨረሻው አልተነሳም። ሊያምነን አልቻለም መሰለኝ።

ቢራቢሮዎቹ በእርግጥ ነበሩ። ኮሸሽላው ላይ፣ ድንጋዩ ላይ፣ ክንፋቸውን ገልጠው ፀሐይ ይጠብቃሉ። ሸምሲያ አንዷን መረጠችና ጀመረች። ጎንበስ አለች፣ ወደ ቀኝ ሄደች፣ በትከሻዋ በኩል ገባች። አነሳች። አየችው። «ግራው አለ፣ ቀኙ የለም።» ቀዳዳውን አጠበበች። ከምንጩ በታች ካለው ሸለቆ ነፋስ መጣ።

«ነፋሱን ከልልልኝ!»

«በምን?»

ወደ ማኪናው ሮጠች፣ ኋላውን ከፈተች፣ ነጭ ሳቲን ይዛ መጣች። ፀዳ ላለች ሙሽራ የተቆረጠ፣ ከሰዓት በኋላ የማደርሰው አምስት ሜትር ሳቲን ነው። «አንቺ ልጅ፣ እሱን መልሺ!» አልኩ። ለሁለት አጥፋ እጄ ላይ ጣለችውና ዘርጋው፣ ነጭ ስለሆነ ብርሃንም ይመልሳል አለችኝ። ዘረጋሁት። ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ቺልጋ ውስጥ፣ ገበሬ እያየኝ፣ የሙሽራ ጨርቅ ዘርግቼ ለቢራቢሮ ነፋስ ከለልኩ።

አነሳች። «ቀኙ የለም።» ዞረች፣ አሁንም በጎን፣ አሁንም ዘንበል። «ግራው የለም።» ራቀች። ተጠጋች። ፀሐይዋ ከኮረብታው ላይ ብቅ አለች፣ አንዲት ቢራቢሮ ክንፏን ማንቀጥቀጥ ጀመረች። ሲሞቃቸው ያልቅልናል። የእህቴ ድምፅ ተሰበረ። «አጠበብኩ፣ ራቅኩ፣ ነፋሱም ተከለለ፣ አሁንም ግማሿ የለም። ምን ላድርግ? ከዚህ ሌላ ምን አውቃለሁ?»

እጄ ዝሏል፣ እግሬ በርዷል፣ አንድ ወር ሙሉ የሰማሁት ሁሉ አንገፍግፎኛል። ጮኽኩባት።

«ሙሽራ አይደለችም አንቺ ሴትዮ! ምን ትከሻ ለትከሻ ታዞሪያለሽ? ልጅቷ የጠየቀችሽ ጉርድ ፎቶ ነው! እንደ ቀበሌ መታወቂያ ቀጥ አድርገሽ አንሺያትና ቤታችን እንግባ!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ሸምሲያ ቀና ብላ አየችኝ። የምትሰድበኝ መስሎኝ ነበር።

«ሁለት ጆሮ እኩል» አለች ቀስ ብላ።

ካሜራዋን ከማቆሚያው ላይ ነቀለች። ጥላዋ እንዳያርፍባት ከፀሐይዋ ማዶ ዞረችና ከቢራቢሮዋ በላይ ቆመች፤ ከዚያ ወገቧን አጥፋ የካሜራውን ፊት ከተዘረጉት ክንፎች ጋር ትክክል አደረገችው፤ ወደ የትም ሳያዘነብል፣ ፊት ለፊት። አንድ ጊዜ ተጫነች። አየችው። ከዚያ ወደ እኔ አዞረችው።

ሁለቱም ክንፎች ነበሩ። ከጫፍ እስከ ጫፍ። ነጥቦቹን እኔ ራሴ ቆጠርኳቸው፤ በአንድ ክንፍ ሰባት።

ነገሩ በእኔ ሙያ ገባኝ። የሚጠራው ቦታ ስስ ጨርቅ ነው፤ የቢራቢሮ ክንፍም ስስ ነው። ጨርቁን ጠረጴዛ ላይ ብታነጥፈው ዳር እስከ ዳር ይገጥማል። ጠረጴዛውን በአንድ በኩል ብታነሳው ግን የሚነካው ጥጉን ብቻ ነው። አንድ ወር ሙሉ እህቴ ጨርቁን ለማወፈር ስትታገል ኖራለች፤ ጠረጴዛው ግን ዘንበል እንዳለ ነበር። አሁን ቀዳዳውን እስከ መጨረሻው ማጥበብ እንኳ አላስፈለጋትም፤ አሥራ አንድ ላይ በቃት፣ ብርሃኑም በቃት።

ሁለተኛዋን አነሳች። ሦስተኛዋን። ክንፏን ገጥማ የቆመችውን ደግሞ ከጎኗ ሄዳ ካሜራውን ለክንፏ ፊት ለፊት አደረገችው። እኔ ሳቲኑን ይዤ ከኋላዋ እከተላለሁ። አምስት ሆኑ። ያኔ ነው ምን እንዳደረግሁ የገባኝ። ግድግዳዬን በገዛ አፌ ሰጥቻት ነበር።

ስድስተኛዋ ቡናማ ናት፤ ክንፏ ላይ ዓይን የመሰሉ ነጥቦች አሏት። ምንጩ ዳር ጭቃ ላይ ተቀምጣለች። ሌሎቹ ሞቋቸው በረው ሄደዋል፤ የቀረችው እሷ ብቻ ነበረች። ሸምሲያ ቀሚሷን ሰብስባ ጭቃው ውስጥ ተንበረከከች። ነፋሱ አሁን በርትቶ መጣ። ሳቲኑ እጄ ላይ ይታገላል፣ ክንዴ ይንቀጠቀጣል። «ትንሽ ጠብቅ» ትላለች፤ «ትንሽ፣ ትንሽ።»

እውነቱን ልናገር። እጄን ዝቅ ባደርገው ነፋሱ ያባርራት ነበር። ክንዴ ዛለ ብል ማን ይጠይቀኛል? በሃምሳ አራት ዓመቱ ሰው ክንዱ ይዝላል። አምስት ስድስት አይደለም፤ ናዝራዊት ደግሞ ያለችውን አትለውጥም። ግድግዳው ይፈርሳል፣ መደርደሪያዎቹ ይቆማሉ፣ ደንበኛ በፊቱ ይገባል። ይህ ሁሉ በዓይኔ መጣ። እህቴን አየኋት። ጭቃ ውስጥ ናት፣ አትተነፍስም፣ ሻሿ ተንሸራቷል። ከጣቷ በቀር ምንም አይንቀሳቀስም። በሕይወቴ እንዲህ ተናድጄ አላውቅም፤ በእሷም፣ በነፋሱም፣ በራሴም። የሳቲኑን ጫፍ በጥርሴ ያዝኩት።

ተጫነች። ቢራቢሮዋ በረረች።

ቢያዝን ከድንጋዩ ላይ ሆኖ «በሉ እንግዲህ፣ ሸጋ!» አለ። ምን እንዳየ አላውቅም፤ መሬቱ አለመለካቱን ግን አረጋግጧል።

አይከል ከተማ ገብተን ሻይ ቤት ተቀመጥን። እዚያ ኔትወርክ ስላለ ሸምሲያ ስድስቱን ፎቶዎች ለናዝራዊት በቴሌግራም ላከች። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠን ሁለታችንም አየነው። ሻዬ ቀዘቀዘ። መልሱ ሲመጣ ሰላምታ እንኳ የለበትም፤ ስድስት ስም ብቻ ነው፣ የስድስቱ ቢራቢሮዎች ስም በተራ ተጽፏል። ከሥሩ «ሰኞ ውል እንፈራረም» ይላል።

ሸምሲያ አልሐምዱሊላህ አለችና በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች። እኔም አልኩ። ስለ ግድግዳው አዘንኩ፣ ደግሞም ደስ አለኝ፤ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ።

«ዐብዱ» አለችኝ።

«ምን ፈለግሽ ደግሞ?»

«እጅህ ሲንቀጠቀጥ አይቼዋለሁ። ብታወርደው ኖሮ ቤቱ ያንተ ነበር። ለምን አላወረድከውም?»

«ሳቲኑን ጭቃ እንዳይነካው ብዬ ነዋ!» አልኳት። ሻይ ቤቱ በሙሉ ዞሮ አየኝ።

ሸምሲያ አጠገቤ ወንበሩ ላይ የጣልኩትን ጨርቅ አየችው። ከመሃሉ ጀምሮ እስከ ታች ጭቃ በጭቃ ነበር። ብድግ አለችና ጭቃውን ወደ ውስጥ አድርጋ አጠፈችልኝ።